ለጨቅላዋ የላክሽው ቅቤ

ፈትልዬ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው የሶር ፏፏቴ ነው። እኔ ግን መቱ ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔ የነበረው ሌላ ፏፏቴ ላይ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ እህቴ ልጅ የሚወርድ ደም። በሰባት ወር ስለተወለደች ክንዷ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም። ደሙን ማን እንደሰጣት አላውቅም። ምናልባት አንድ የቡሬ ቡና ለቃሚ ይሆናል እያልኩ፣ በሆስፒታሉ መስኮት ጉሙን አያለሁ።

እኛ ቡታጅራ ልጅ ሲወለድ ቅቤ እናልሰው የለ? ትናንት ቅቤሽን ከኮባ ቅጠሉ ፈትቼ በጣቴ ጫፍ ስወስድ ነርሷ ኢክላስ እጄን ያዘችኝ።

«አዴ ድንቅነሽ፣ እንዳያደርጉት! ደሙ እስኪያልቅ የእናቷን ወተት እንኳ አቁመናል። እንዲህ ያሉ ጨቅላዎች ደም ሲወስዱ አንጀታቸው ክፉኛ ሊታመም ይችላል። ከደሙ ይሁን ከደም ማነሱ፣ ገና በውል አልታወቀም።»

ጣቴ አፏ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር፣ ፈትልዬ።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያቺን ትንሽዬ ሆድ ስንጠብቅ ዋልን። ጉሙም አልተነሳ፣ እህቴም አልተኛች። ዛሬ ጠዋት ኢክላስ ሆዷን ዳሰሰችና «ለስላሳ ነው» አለች። የእህቴ ወተት በልጅቷ አፍንጫ በገባ ሌላ ቱቦ እንደገና ጠብ ማለት ጀመረ።

ቦታ አለቀብኝ። ጋሼ ዲበኩሉንና ልጆቹን ሳሚልኝ። በቅቤሽ የእህቴን አናት ቀባሁላት። ቀልጦ በአንገቷ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

ድንቅነሽ