ሕይወት ያለበት ውሃ

ቡራዩ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሄመን ጎበና፤ ድሬዳዋ።

የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የልጅ ልጄ ሩቲስ? ምግብ ትበላለች? ክብደቷ ተመለሰ? እኔ ጉልበቴን ከማማረሬ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ከነሐሴ ወዲህ ስደውል «ደህና ነን አባዬ» ብለሽ ቶሎ ትዘጊዋለሽ። አልፈርድብሽም። ደብዳቤ ግን እንደ ስልክ ስለማይዘጋ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩ ስለዚያ ጠርሙስ ነው። እናትሽ ገለቴ ልታርፍ ሁለት ወር ሲቀራት ከሱሉልታ ጠበል የቀዳችበት፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ያሰረችበት፣ መስኮቱ ላይ የማስቀምጠው የፕላስቲክ ጠርሙስ። በመጣሽ ቁጥር «አባዬ፣ ይሄ ውሃ አራት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው፤ አይጠጣም» ትይኛለሽ። እኔም እቆጣለሁ። ሠላሳ ዓመት የገፈርሳን ግድብ የጠበቅሁ ሰው ስለ ውሃ ከልጄ ልማር? ለሩቲ የታሸገ ውሃ ይዘሽላት የመጣሽ ጊዜማ፣ የቤቴን ውሃ ተጸየፈች ብዬ ሁለት ቀን ምሳ አብሬሽ አልበላሁም።

በፍልሰታ ሩቲን ሳል ሲይዛት፣ አንቺ ገበያ እንደወጣሽ ከዚያ ጠርሙስ በክዳኑ ቀድቼ ሰጠኋት። አንድ ክዳን ብቻ ነው ብዬሽ ነበር። ሦስት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ማስመለሱ፣ ተቅማጡ፣ ጤና ጣቢያ ሦስት ቀን ጉሉኮስ ተሰክቶላት። እኔ ግን ያን ጊዜም «የበላችው ነገር ነው እንጂ ውሃው አይደለም» እያልኩ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ተከራከርኩሽ። ስትሄዱ አልሳምሽኝም።

ባለፈው ሳምንት ልረታሽ ተነሳሁ። ሰፈራችን ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አትክልት የምትባል የባዮሎጂ መምህርት አለች፤ ማይክሮስኮፕ አላት አሉኝ። ጠርሙሱን በጋቢዬ ሸፍኜ ሄድኩ። ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት አጽፌ ልልክልሽ ነበር ሐሳቤ። አትክልት አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ኦቦ ጎበና፣ ውሃው ሕይወት አለበት» አለችኝ።

በደስታ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። «ታዲያ ማየ ሕይወት አይደል እንዴ፤ ምን ሊኖርበት ኖሯል» አልኳት። ልጅቷ አልሳቀችም። ወንበሩን ለቀቀችልኝና «እስቲ እርስዎም ይዩት» አለች።

ሄመን፣ ምን ብዬ ልንገርሽ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። በዚያች ጠብታ ውስጥ አገር አለ። አረንጓዴ ዶቃ የመሰሉ ነገሮች ተያይዘው ይንሳፈፋሉ። በመካከላቸው አንዲት ፍጥረት አፏ ዙሪያ ባለው ጸጉር ውሃውን እያሽከረከረች ትበላለች፤ ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የዋጠችው ሆዷ ውስጥ ይታያል። ቸኩላለች፤ ሥራ አላት። ከእሷ የሚያንሱት ደግሞ ነጥብ ነጥብ ሆነው ይርመሰመሳሉ። ሠላሳ ዓመት ግድብ ሙሉ ውሃ ስጠብቅ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር። ፈጣሪ ይህን ሁሉ ማንም በማያየው ቦታ እንዲህ አስውቦ መሥራቱ አስፈራኝ፤ እንባዬም መጣ። ስንት ሰዓት እንዳየሁ እንጃ፤ ደወል ተደውሎ ተማሪዎች ሲገቡ ነው የነቃሁት።

አትክልት ከክፍል እስክትወጣ ጠበቅኋት። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ካየኋቸው ይልቅ ያላየኋቸው ይብሳሉ፤ የልጅ አንጀት የሚያውኩት እነሱ ናቸው አለች። እንዲህ ያለው ጠርሙስ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ሲጫጫር አረንጓዴው ነገር ተጣብቆ ይቀራል፣ ቢያጥቡትም አይለቅም። ፀሐይና ሙቀት ሲመላለስበት ፕላስቲኩም ከራሱ ወደ ውሃው ይለቃል። አንቺ ያልሽኝን ሁሉ ነው የደገመችልኝ። በመጨረሻ ግን አንቺ ጠይቀሽኝ የማታውቂውን ጠየቀችኝ።

«በአራት ዓመት እንዴት አላለቀም?»

ጠርሙሱን በጋቢዬ ሸፍኜ አመስግኛት ወጣሁ። ላንቺ ግን ልንገርሽ። ወር በገባ በሃያ አንድ አንድ ጉንጭ እጠጣለሁ፤ ሲጎድል እሞላዋለሁ። መጀመሪያ ከቧንቧ፣ ቧንቧው ሲጠፋ የጣሪያ ውሃ ከማጠራቅምበት በርሜል። ጠበል ላይ የጨመሩት ጠበል ይሆናል እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሲጎድል ማየት አልቻልኩም። ሩቲ የጠጣችው እናትሽ የቀዳችውን አይደለም፤ እሱ ካለቀ ቆይቷል። የጠጣችው የእኔን በርሜል ነው። ጠበሉን አትውቀሺ፤ እናትሽንም በዚህ አታስቢያት። ልጅሽን ያሳመምኳት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እናትሽ የተከለቻት ወይራ ሥር፣ እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ቀስ ብዬ አፈሰስኩት። ውስጡ ያሉትን ፍጥረታት ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ሳቂብኝ ከፈለግሽ። ክሩን ፈትቼ ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ባዶውን ጠርሙስ ሳየው ገለቴ ገና በዚያ ጠዋት የሞተች መሰለኝ፤ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን መስኮቱ ላይ ምንም የለም፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ አልጋዬ ላይ ታርፋለች።

ያን ሁሉ ረቂቅ ነገር የሠራ አምላክ እናንተን ይጠብቅልኝ። እናትሽ ስትሸኝሽ ይህንኑ በኦሮምኛ ትል እንደነበረው፣ ዋቀዮ ኢሲን ሃ ኤጉ።

አባትሽ፣
ጎበና ዋቆ

ለገና ብትመጡ፣ ለሩቲ የምትጠጣውን ውሃ ከዚያው ይዘሽላት ነይ። አልቀየምም። ከተረፋት ለእኔም በክዳኑ ቀድታ ትስጠኝ።