ኤላዲዮን ማድረስ

እሑድ፣ ኦገስት 24

ከእሑድ ተጓዦቹ ጋር እስከ ሎይባ ገደል ደርሰን ተመለስን። ነፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው። በዚህ በጋ ሁለተኛዬ ነው... ባሕሩ ይልበሰው እንግዲህ።

ቤት ስገባ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ እንሽላሊት። ሆዱ ነፋ ያለ፣ ፀሐይ ላይ ዝርግት ብሎ የተኛ። መጥረጊያ አነሳሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ምን ልበል... እንደ ኤላዲዮ፣ እንደ ባሌ ነው ያየኝ። ኳስ እያየ "እራት አልደረሰም?" ሲለኝ የነበረው አስተያየት። መጥረጊያውን መለስኩት።

ኤላዲዮ ባለፈው ገና ነው የሞተው። የሳን አንድሬስን ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም። በቁሙ ያልሄደ ሞቶ ይሄዳል፣ ያውም እንሽላሊት ወይ እባብ ሆኖ በሆዱ እየተሳበ። ይህን እዚህ አገር ሕፃኑም ያውቃል። አርባ ዓመት ሙሉ "ለሚመጣው ዓመት" ሲለኝ ኖረ። አንዴ ጉልበቱን አመመው፣ አንዴ የሰው ጀልባ ሞተር ፈትቶ ነበር፣ አንዴ የዋንጫ ጨዋታ። እኔ በየእሑዱ ገደል ለገደል ስዞር እሱ ሶፋ ያሞቃል።

ታዲያ አሁን ብቻውን ሊሄድ? ኦርቲጌይራ ገበያ ውስጥ እንኳ ይጠፋ የነበረ ሰው?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

ለኦብዱሊያ ነገርኳት። የባሌ እህት፣ የግድግዳ ጎረቤቴ። ከተጋባን ጀምሮ ጎረቤት ነን፣ ከተጋባን ጀምሮ እንነታረካለን።

"ኤላዲዮን ሳን አንድሬስ ላደርሰው ነው። በእግሬ።"

"በእግርሽ፣ ኤርሚታስ? አውቶቡስ እያለ? ለሱም አንድ ወንበር ይገዛለታል። እናታችንን ከሞተች በኋላ እንደዚያ አይደል የወሰድናት? መስኮት በኩል አስቀመጥናት፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።"

"እናትሽ ገደሉን በቁሟ አይታዋለች። እሱ አላየውም። ማየት አለበት።"

"ሞቶ ነው የሚያየው?"

"በቁሙማ አርባ ዓመት አየነው!"

ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለች። ከዚያ፦ "እኔም እመጣለሁ። ወንድሜን ለብቻሽ አልተውልሽም። እንኳን ሞቶ በቁሙም አልተውኩልሽ።"

እዚህ ላይ እውነቷን ነው።

ግን ጫማዋ! ለቅዳሴ የምታደርገው፣ ባለ ተረከዙ። በዚያ ነው የምመጣው አለች... አምላኬ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ጠዋት መቃብር ቦታ ሄድን። ቦርሳ በጀርባ፣ ዱላ በእጅ። "ኤላዲዮ፣ ተነስ፣ ሳን አንድሬስ እንሂድ" አልኩት ጮክ ብዬ። ኦብዱሊያ ድንጋዩን በጣቷ ኳ ኳ አደረገች።

"እንቅልፉ ከባድ ነው። ድገሚለት።"

ደገምኩለት።

ከዚህ ወዲያ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው። ስንቀመጥ "ተቀመጥ"፣ ስንነሳ "ተነስ፣ እንሂድ" ይባላል። ካልተባለ እዚያው ይቀራል። በደረቱ የሚሳብ ነገር ደግሞ አይረገጥም። የማን ዘመድ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ከባሕሩ ዳር ሦስት ድንጋይ መረጥኩ። ገደሉ ላይ ባለው የመንገደኞች የድንጋይ ክምር የምናኖረው፣ ለእያንዳንዳችን አንድ።

"የሱ ለምን እንዲህ ትልቅ ሆነ?" አለች ኦብዱሊያ።

"በልኩ ነው።"

"ማን ሊሸከመው?"

"እኔ። ለምጄዋለሁ።"

ሳቀች። ኦብዱሊያ በእኔ ቀልድ ስትስቅ... ይሄን ቀን ልጻፈው።

ኦርቲጌይራ ስንደርስ እግሯ ተልጦ ነበር። የሸራ ጫማ ገዛች። በልኳ የተገኘው ሮዝ ብቻ ነው፣ ጎኑ ላይ ቢራቢሮ ያለበት። አልሳቅሁም። እስክትተኛ ድረስ አልሳቅሁም።

ዓርብ፣ ኦገስት 29

ካሪኞ ገባን። መንገዱን ሁሉ አወራሁት። ስለሚያፈሰው ጣራ፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ቲማቲሙ። ይህን ያህል ጥሩ ባል ሆኖ አያውቅም... አንዴም አላቋረጠኝም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

ጉድ ፈላ።

ቁርስ ኔሜሲዮ ቡና ቤት ነበር፣ ወደቡ ላይ። ኤላዲዮ እዚህ ሞተር ሊሠራ ሲመጣ የማይጠፋበት ቤት። ለሱም ወንበር ስበን "ተቀመጥ" አልነው። ከዚያ እኔና ኦብዱሊያ ተጣላን። በምን? በቃሪያ! ኔሜሲዮ እነዚያን ትንንሾቹን ጠብሶ አመጣ፣ አሥሩን በልተሽ አንዱ የሚያቃጥለውን።

"ወንድሜ የሚያቃጥለውን አይወድም ነበር" አለች።

"ባሌ የሚያቃጥለውን ፈልጎ ነው የሚበላው" አልኩ።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ!"

"አንቺ ነሽ አብረሽው የተኛሽው?"

በሩን በርግጄ ወጣሁ። እያጉረመረመች ተከተለችኝ። ዳገቱን በንዴት ነው የወጣነው፣ ንዴት ደግሞ ለዳገት ደግ ነው... ሳናውቀው ኦርቴጋል የመርከቦች መብራት ቤት ደረስን። ከታች ሦስቱ ሹል ቋጥኞች፣ ነጭ አረፋ፣ ከወፎቹ ጩኸት ጋር። ቁጭ ልንል ስንል "ተቀመጥ፣ ኤላ..." ብዬ አፌ ላይ ደረቀ።

"ኦብዱሊያ... ከቡና ቤቱ ስንወጣ ተነስ ብለሽዋል?"

"የምትይው አንቺ ነሽ!"

"እኔማ ተቆጥቼ ወጣሁ።"

"እኔም ተቆጥቼ ወጣሁ።"

ተያየን።

"ረስተነው መጣን" አለች። "ቡና ቤት። ከቦታ ሁሉ ቡና ቤት!"

ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። መብራት ቤቱን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ዞር ዞር እያሉ ያዩናል። "ይቅር፣ በቁሙም ከዚያ ያስነሳው ሰው የለም" እያለች እንባዋን ትጠርጋለች።

ስንመለስ ግን ቁልቁለቱ ላይ ቆመች። "እውነት ረሳሽው? ወይስ እንዲቀር ፈለግሽ?"

ቀድሜያት ወረድኩ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ባሌ እንዲቀር የምፈልገው ምን ቆርጦኝ?

ኔሜሲዮ ሲያየን አልሳቀም። ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ አዘንብሎ አስደግፎታል፣ ማንም እንዳይቀመጥበት። አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን።

"ሳትጠሩት ስትወጡ ሰምቻለሁ" አለ። "ይመለሳሉ ብዬ ቦታውን ጠበቅሁለት። የቃሪያውን ነገር ደግሞ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የሚያቃጥለውን ፈልጎ ይበላል፣ ከዚያ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ምን ሆንክ ሲሉት፣ 'ነፋሱ ነው' ይላል። እዚህ፣ በር ተዘግቶ!"

ኦብዱሊያ ወይኑን ጨለጠችው። ወንድሟን ወክላ ነው አሉ። ከዚያ አንድ ላይ፣ "ተነስ፣ ኤላዲዮ፣ እንሂድ!" አልን። ቡና ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ግን ቀኑ አልፎ ስለነበር እዚያው ካሪኞ አደርን።

እሑድ፣ ኦገስት 31

ኤርቤይራ ገደል! ከጫፉ እስከ ባሕሩ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ጉም ሸፍኖት ነበር። የዱር ፈረሶች መንገዱን ዘግተው ቆመው፣ ኦብዱሊያ "እለፉ እባካችሁ፣ ከሰው ጋር ነን" ስትላቸው... አለፉ! ከዚያ ጉሙ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ገደሉ፣ ሰማያዊው ባሕር፣ ዓይን እስከሚደርስ።

"ይኸው ኤላዲዮ" አልኩት። "በየእሑዱ የት ነው የምትሄጂው ስትለኝ የነበረው እዚህ ነው።"

ኦብዱሊያ በቢራቢሮ ጫማዋ አፏን ከፍታ ቆማለች። ዕድሜዋን ሙሉ እዚህ ሥር ኖራ ወጥታ አታውቅም።

"ይሄ ሁሉ... እዚህ ነበር?"

"እዚሁ ነበር።"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

መቼ ጠይቃኝ! ግን ይቅር። ደስ ብሏት ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ክምሩ ጋ ድንጋዮቻችንን አኖርን። የሱን ሁለታችን ይዘን አወጣነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ይቀላል። እኔ ግን መጎተት ጀመርኩ። አበባ ለቀምኩ። ጫማዬን ፈታሁ፣ አሰርኩ። ውኃ ጠጣሁ። እንደገና ተቀመጥኩ።

"አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"ድንጋዩ ከበደኝ።"

"ድንጋዩንማ ክምሩ ላይ አኖርሽው እኮ።"

ዱላዬን መሬት ላይ ጣልኩ። አዎ አልኳት፣ ትናንት የጠየቅሽኝ ልክ ነው፣ እንዲደርስ አልፈልግም። ሲደርስ መሄዱ ነው። ይሄን ሁሉ ቀን አብሮኝ ሄደ... ከዚህ በኋላ ማንን ነው የማዋራው? ድመቷን?

ትሳደባለች ብዬ ጠበቅሁ። መጥታ አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። "ተቀመጥ ኤላዲዮ" አለች። "ሚስትህ ደክሟታል።"

ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ እዚያው ቆየን። ሳን አንድሬስ ስንገባ እራት አልፎን ነበር፣ ክፍል ያከራየችን ሴትዮ ሾርባ አሙቃ ሰጠችን።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ጠዋት ቅዳሴ። ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ፣ የሰው ላብና የሻማ ሽታ። ለሱ ሻማ አበራንለት።

ከዚያ ምንጩ። የዳቦ ፍርፋሪ ይጣላል፣ ከተንሳፈፈ የተመኙት ይሆናል። የኦብዱሊያ ተንሳፈፈ። የኔን ገና ሳይነካ ድንቢጥ ነጠቀችው!

"ይሄ ምን ማለት ነው?" አልኳት እዚያ ከሊጥ የተሠሩ የቅዱሳን ምስሎች የምትሸጠዋን አሮጊት።

"ድንቢጧ ርቧታል ማለት ነው" አለችኝ።

ባሕሩን የሚያየው ግንብ ላይ ሄድን። "ተቀመጥ፣ ኤላዲዮ። ደረስን።" ተቀመጥን፣ ሦስታችንም። ነገርኩት... የነገርኩትን እዚህም አልጽፈውም። ኦብዱሊያ ፊቷን አዙራልኝ ነበር።

ተነሣን። አፌ ለምዶ "ተነስ" ልል ምላሴ ላይ ደረሰ። ኦብዱሊያ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። አልኩት? አላልኩትም። ቀስ ብለን ሄድን። ዞር አላልኩም። ዞር ብል እጠራው ነበር።

"ቃሪያው ነው?" አለችኝ እንባዬን አይታ።

"ነፋሱ ነው።"

ወደ ቤታችን፣ ወደ ኤስፓሳንቴ የመለሰን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ በመኪናው። የተጫነው ዳቦ ፊት ነበር፣ እኛ ኋላ። እኔ በአንድ ጥግ፣ ኦብዱሊያ በሌላው ጥግ፣ መሃሉ ባዶ... ሳናስበው ቦታ ትተንለታል። አየችው። ተጠጋችኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

ጣራውን የሚያይ ሰው መጣ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ባሕሩ ይታያል ለካ ከዚያ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

ገና ቡናዬን ሳልጨርስ በሩ ተደበደበ። ኦብዱሊያ። አዲስ ቦት ጫማ፣ እውነተኛ፣ ማሰሪያው ቀይ።

"ተጓዦችሽ ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?"

"በአዲስ ጫማ እግርሽን እያቆሰልሽ ልትሄጂ ነው?"

"ምንጩ ላይ ምን ተመኘሁ መሰለሽ? አብሬሽ እንድሄድ። የኔ ተንሳፍፏል፣ ምንም አታደርጊውም።"

ከዚያ መስኮቱን አይታ ቀጥ አለች። እንሽላሊቱ። ያው፣ ሆዱ ነፋ ያለው።

"ተመለሰ!" አለች በሹክሹክታ። "ኤርሚታስ... ጠርተሽዋል?"

ሄጄ አየሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ የእንሽላሊት ዓይን ነው። እራት አይጠይቅም። ኤላዲዮን አይመስልም፣ ምኑም አይመስልም... ልቤ ዝም አለ።

"የሌላ ሰው ነው" አልኳት። "የኔ ደርሷል።"

ቀስ ብዬ በእጄ አነሳሁት፣ ሜዳ ላይ እንዳይረገጥ። በምዕራብ በኩል ካለው ግንብ ላይ፣ የሳን አንድሬስ መንገድ በሚጀምርበት አስቀመጥኩት።

"ቀጥ ብለህ ሂድ" አልኩት። "ካሪኞ ስትደርስ ግን ቡና ቤት እንዳትገባ።"