ሳስቶ የተሸመነው ኩታ
የአቶ ላቀው አምኃ የሕይወት ታሪክ

አቶ ላቀው አምኃ ከአባታቸው ከአቶ አምኃ ዳኜና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፀደ ጉልላት በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ፣ ከቀርከሃ በተጎነጎነ ቤት ውስጥ በ1919 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው አባታቸው እግራቸውን ሰድደው የሚሸምኑበት ጉድጓድ ነበር።

በ1935 ዓ.ም. አጎታቸውን ተከትለው ወደ ጉለሌ መጡ። ያን ጊዜ ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ግርጌ የተበተኑ ጎጆዎች ስብስብ ነበር፤ ንጋቱ የሚታወቀውም በየደጁ በሚነሣው የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ነበር። ዛሬ ያ ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ የሰሙ ሁሉ ምን እንደ ጎደለ ያውቃሉ።

በ1947 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጽጌ ኃይለ ማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ብርሃኔንና አዲሳለምን አፈሩ። በወጋቸው ሴት ትፈትላለች፤ ወንድ ይሸምናል፤ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይውላሉ እንጂ እጅ አይለዋወጡም። በ1970 ዓ.ም. የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው ጻፉ።

በጥቅምት 1975 ዓ.ም. ሐኪሞች ስትሮክ ያሉት፣ ሰፈሩ ግን መጋኛ ያለው ሕመም ቀኝ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ያዘ። በዚያን ጊዜ የብርሃኔ የሠርግ ኩታ ድሩ ተዘርግቶ፣ ገና እኩሌታው ተሸምኖ ነበር። በቤቱ ሥርዓት የሙሽራን ኩታ ከአባቷ በቀር ማንም አይሸምነውም። ባልንጀሮቻቸው እንጨርስልዎ ቢሏቸው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ብርሃኔም ሠርጓን አቆየች።

ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲመለሱ የሰፈሩ ፍቅር ከበባቸው። አንዱ ያጎርሳቸዋል፣ ሌላው ያለብሳቸዋል፣ ሦስተኛው አቅፎ ያነሣቸዋል። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ሕመሙ የተወላቸውን ጤነኛ ጎን ጭምር አሰረ። ከጤና ጣቢያ እየመጡ የሚጠይቋቸው ሲስተር ጀዊሪያ ይህን አይተው፣ «አባባ፣ እኛ የምንፈልገው ይቅር፤ እርስዎ ምን መሥራት ይፈልጋሉ?» አሏቸው። በግራ እጃቸው ወደ ሽመና ዕቃው አመለከቱ።

ከዚያ ወዲያ የየዕለቱን ሥራ ራሳቸው መረጡ፤ ቤተሰቡም እጁን መሰብሰብ ተማረ። መጀመሪያ በግራ እጅ መጉረስ፣ ቀጥሎ በሩን መድረስ፣ ከዚያም የሽመና ጉድጓዳቸው አፍ ላይ መቀመጥ ሆነ። መወርወሪያው ግን ከግራ ተነሥቶ በቀኝ የሚቀበለው አጣ። ወይዘሮ ጽጌ እንዝርታቸውን አስቀምጠው በቀኛቸው ተቀመጡና ተቀበሉት። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ክር ነጋዴው ጎረቤታቸው አቶ ፈድሉ ከደጅ ሆነው፣ «ላቀው፣ ጽጌ ሸማኔ ከሆነች አንተ እንዝርት ያዝ እንጂ!» ቢሏቸው በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቃቸው ነበር።

ኩታው ለ1976 ዓ.ም. ፋሲካ ደረሰ። እኩሌታው ጥብቅ፣ እኩሌታው የሳሳ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ የሳሳውን ፈትተን እንደገና እንሥራው ቢሉ፣ አቶ ላቀው ቀስ በቀስ በተፈታው አንደበታቸው «ተይው፤ ይታይ» አሉ። ብርሃኔ በዳግማይ ትንሣኤ ያንኑ ለብሳ ተዳረች። ቀኝ እጃቸውም ውሎ አድሮ መወርወሪያውን መቀበል ቻለ።

ከዚያ በኋላ እንደ እርሳቸው የታመሙትን በየቤታቸው ይጠይቁ ነበር፤ ከአስታማሚ እጅ ጉርሻውን ወስደው ለበሽተኛው ለራሱ ያስይዙት ነበር። አቶ ፈድሉ በ1979 ዓ.ም. በዚሁ ሕመም ሲወድቁ፣ አቶ ላቀው ማለዳ ማለዳ በከዘራ እየሄዱ ከተዘጋው ሱቅ ደጃፍ ይቀመጡ ነበር። አቶ ፈድሉ ሱቃቸውን በገዛ እጃቸው እስኪከፍቱ ድረስ መቀመጣቸውን አልተዉም።

ሕመሙ ዳግመኛ ተነሥቶባቸው መጋቢት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ።

በዛሬው ዕለት አስከሬናቸውን የሸፈነው ያ የብርሃኔ ኩታ ነው። እርሷ ራሷ የሳሳውን በኩል ወደ ላይ አድርጋ ዘርግታዋለች። የሰውን ድካም የማይንቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።