የእህቴን ስልክ አጽድታችሁ ስለመለሳችሁልኝ

ለተከበሩ የኮምፒውተርና የስልክ ወንጀል ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነባልደረቦችዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የቢሮዎ ኔትወርክም ጭምር ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁት፣ በእጄ ይዤ ስመላለስ የበሩ ዘበኛ «እትዬ፣ ዛሬም መጡ?» እያለ ሲሳቀቅ አይቼ፣ እሱን እንኳ ላሳርፈው ብዬ ነው።

ጉዳዩን ቢረሱት አይፈረድብዎትም። እህቴ ታማ ተኝታ ሳለች፣ ትንሿ ልጇ ስታድግ እንድትሰማው ብላ ድምጿን እየቀዳች በቴሌግራሟ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ከቀብሯ በኋላ አንድ ሌባ አካውንቷን ሰርቆ፣ በእሷ ስም ለዘመድ አዝማዱ «እንደምን አደራችሁ፣ ትንሽ ቸግሮኝ ነበር» እያለ ይጽፍ ጀመር። አክስታችን መልእክቱ ሲደርሳት ስልኳን ወርውራ ጎረቤት ጠራች። እኔም ሌባው እንዲያዝ፣ ስልኩ ላይ የቀረው የእናትየው ድምፅም ለልጅቷ እንዲተርፍ፣ የእህቴን ስልክ ይዤ ወደ እናንተ መጣሁ። መስተንግዶውን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ በመስኮቱ ያስተናገዱኝ ወንድሜ፣ የአካውንቱ ባለቤት በአካል ቀርባ ካላመለከተች አቤቱታ እንደማይቀበሉ በትሕትና አስረዱኝ። ሞታለች ብላቸው፣ ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ፣ እንግዲያውስ ውክልና ትስጥዎ አሉኝ። ሕግ ሲከበር ማየት ደስ ይላል።

፪ኛ፦ ሌባው ከየት እንደሚጽፍ ለማወቅ ለቴሌግራም ኩባንያ ደብዳቤ መጻፍ እንዳለበት፣ ደብዳቤውም ፊርማ እንደሚጠብቅ፣ ፈራሚውም ሥልጠና ላይ እንደሆኑ ተነገረኝ። ሥልጠናው የሳይበር ወንጀልን በፍጥነት ስለመከታተል መሆኑን ስሰማ ተጽናናሁ።

፫ኛ፦ አቤቱታው ባይመዘገብም ስልኩን የተረከበኝ መርማሪ ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ከጠረጴዛው በላይ «ቅጂ ሳይወሰድ ማስረጃ አይነካም» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እሱም እዚያው ሥር ቁጭ ብሎ፣ «ማዘር፣ ቫይረስ ስለጠረጠርኩ ሙልጭ አድርጌ አጽድቼዋለሁ፤ አሁን እንደ አዲስ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከፈትኩት። እውነቱን ነው፣ እንደ አዲስ ነበር። ቅጂ ወስደህ ይሆን ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎ ማስታወቂያውን አየ። አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም፤ አመስግኜው፣ ቻርጀሩን ጠቅልዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ልጅቷ «እቴቴ፣ የእማዬ ስልክ ተሻለው?» አለችኝ። ተሽሎታል አልኳት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደከመኝ።

ስለ ድካማችሁ ሁሉ፣ በተለይም ስለ ወንበሩ፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ክፍላችሁን ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ያድርግላችሁ።

ከመስኮታችሁ ማዶ ቆማ የምታከብራችሁ፣
የሟች ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ሰሞኑን ለሌባው ራሴ ጻፍኩለት። የእናቷን ድምፅ ለልጅቷ ላክልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩት። ሻዬን ሳልጨርስ መለሰልኝ፤ ነፍስ ይማር አለና አንዱን ላከ፣ የቀሩትንም ቀስ እያለ እንደሚልክ ነገረኝ። ውክልና አልጠየቀኝም። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ቶሎ ይያዝልኝ እያልኩ ያስቸገርኩዎትን አንስቻለሁ፤ እባክዎ፣ ልኮ እስኪጨርስ ድረስ እንደ ልማዳችሁ ተረጋግታችሁ ፈልጉት።