ጉልቤው ዓሣና የእኔ መስተንግዶ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፦

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን የያዘሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ እየተራገምሽው ነው? እንቅልፍሽስ? የምግብ ፍላጎትሽስ? እኔም ባለቤቴም ደህና ነን፤ የጎደለን ነገር ቢኖር የአንቺ ቁጣ ብቻ ነው። ግን ታናሽ እህቴ አግብታ ከቤት ስትወጣ፣ «ብቻዬን እኖራለሁ እንጂ እነሱ ዘንድ ሁለተኛ እግሬን አላነሳም» ማለትሽን ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ወሬዬ ከዓሣ ይጀምራል፤ አትሳቂብኝ። አምና መጥተሽ ሳለ ሳሎኑ ጥግ ባዶውን ያየሽው የመስታወት ገንዳ አሁን ውሃ ተሞልቷል፤ መጀመሪያ ስድስት ዓሣ ገባበት። ሲክሊድ ይባላሉ፤ የምንበላው የቆሮሶ ዓሣ ዘመዶች ናቸው። መልካቸው ዓይን ይይዛል፣ ጠባቸው ግን አያድርስ ነው። ትልቁን ሰማያዊ ባለቤቴ ጉልቤው ትለዋለች። ከድንጋዮቹ መሃል ሰፊውን ዋሻ ይዞ የተጠጋውን ሁሉ ሲያባርር ይውላል።

ባለፈው ወር አንድ ቢጫ ዓሣ ገዝቼ መጣሁ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ካልገለበጥኩ ያስተናገድኩ አይመስለኝም። ጉልቤውን በጭልፋ እጀታ ከዋሻው አስወጣሁና ቢጫዋን እዚያ አስገባኋት። ምግብም መጀመሪያ ለእሷ፣ ነባሮቹ እያዩ። በራሴ ኮርቼ ቆሜ ሳለሁ ጉልቤው ተወርውሮ ጅራቷን ዘነጠለው። ሌሎቹም ተከተሉት። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ቢጫዋ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ ተወሽቃ፣ እኔ እጅጌዬን እስከ ክርኔ አርሼ ዓሣ እየተቆጣሁ ነበር።

እሷ መቼም የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ የሚጋፋ ሰልፈኛ ስታበርድ ስለምትውል እንዲህ ያለ ነገር አያስደነግጣትም። ቢጫዋን በባልዲ ለየቻትና በማግስቱ ዓሣ ሻጩን ልናማክር ሄድን። ሰውየው ታሪኩን ሰምቶ ሲስቅ እንባው መጣ። ያስደበደብካት አንተ ነህ አለኝ። ብቻዋን መግባቷ፣ የሌላውን ቤት መውሰዷ፣ ቀድማ መብላቷ፣ አንድ ላይ ጠላት እንዳበዛባት አስረዳን።

ጅራቷ እስኪያገግም ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ዱላው እሷ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ሁለት ጓደኞች ጨመርንላት፤ ገንዳውንም በፕላስቲክ ወንፊት ለሁለት ከፍለን አዲሶቹና ነባሮቹ ለጥቂት ቀን እንዲሁ እየተያዩ ሰነበቱ። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ድንጋዮቹን በሙሉ አወጣችና ቦታቸውን ቀያይራ መለሰቻቸው፤ ዋሻም ከዓሣዎቹ ቁጥር አብልጣ ሠራች። ነባሮቹን ቀድማ አበላች፣ የገንዳውን መብራት አጠፋች፣ ወንፊቱን አነሳች። ጉልቤው የድሮ ቤቱን ቢፈልግ ቢፈልግ የለም! እሱም እንደ አዲሶቹ እየዞረ ጥግ ይመርጥ ጀመር። አሁንም አንዳንዴ መገላመጡ አልቀረለትም፤ የተነጨ ጅራት ግን አላየንም።

እኔ ደስ ብሎኝ ሳጨበጭብ ባለቤቴ እርጥብ እጇን እያደራረቀች፣ እናትህንም ያደረግናቸው ይህንኑ ነው አለችኝ።

እውነቷን ነው እማዬ። የመጣሽ ዕለት መኝታ ቤታችንን ለቀን ሰጠንሽ፤ እሷ ፊት ቆሜ ከዛሬ ጀምሮ ወጥ ቤቱ የእማዬ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። አንድም ቃል ሳላማክራት። እሷ ከገዛ ቤቷ የተባረረች መሰላት፤ አንቺ ደግሞ የጠቆረ ፊቷን አይተሽ ያልተፈለግሽ መሰለሽ። ሦስት ወር ልትቀመጪ መጥተሽ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዶሮዎቼ ናፈቁኝ ብለሽ ስትሄጂ፣ አንድ ዶሮ እንኳ እንደሌለሽ እያወቅሁ ሻንጣሽን የተሸከምኩልሽ እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ አንዴ አንቺን አንዴ እሷን በሆዴ ስወቅስ ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ሰኞ ከምሠራበት ሶፋ ቤት ስመለስ ወጥ ቤቱ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ብርጭቆው በካርቶን ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ የምንደረድረው እናትህ ሲመጡ አብረን ነው አለችኝ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ስኳር ፍለጋ ሦስት ካርቶን እየፈታሁ፣ የድስት ክዳን እየረገጥኩ ነው።

ለታናሽ እህቴ የሠርግ ሽር ጉዱ እንዳያከሳት ንገሪልኝ። ለእጮኛዋ ለሹፌሩ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ በይልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ ለባሏም፣ እንደ ልጅ እጅ ነስቻለሁ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አንብባ አንድ ነገር ጨምርልኝ ብላለች። ከላይኛው መደርደሪያ እኔም እሳቸውም አንደርስም፤ እሱ የአንተ ይሁን፤ ሌላውን ግን ያለ እሳቸው አልነካም፤ ቶሎ ይምጡልኝ በልልኝ ብላለች።

ልጅሽ
ከወጥ ቤቱ ወለል፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥቅምት 9 ቀን