የሸክላው ጭረት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለዘርይሁን፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ወይዘሮ ጠጂቱና ልጅህ ሰሎሜስ እንደምን አሉ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳልዞር ልናገር።

ያን ለአራት ሳክስፎን የተሠራ የአሜሪካኖች ዜማ አትረሳውም። በክፍለ ጦሩ ባንድ ሳለን ኖታ አልነበረንም። ከአሥመራ አሮጌ ሆኖ ከመጣ ሸክላ ላይ በጆሮዬ ለቅሜ ያስጠናኋችሁ እኔ ነኝ። መሐል ላይ አንዲት ሐረግ ሦስት ጊዜ ትደጋገማለች አልኳችሁ። አንተ ብቻ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ዜማው አይደለም፤ ሸክላው ተጭሮ መርፌው እየተመለሰ ነው» አልክ። እኔም በአሥራ ሁለት ሰው ፊት፣ «ሂድ፣ ጆሮህን ታጥበህ ና!» አልኩህ። ሳቁብህ። በማግስቱ ጭረት አልነፋም ብትል ሳክስፎኑን ከአንገትህ አውልቄ ግምጃ ቤት አስገባሁት። አንተም ሾፌር ሆነህ ቀረህ። እኛ በየግብዣው ያን ጭረት አሳምረን ስንነፋ ኖርን፤ ሹማምንቱም አጨበጨቡልን።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የጃማይካ ሽማግሌዎች ባንድ አብሬ እንድነፋ ጋበዘኝ። ያንኑ ዜማ አነሱ። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። መሐሉ ላይ እነሱ አለፉ፤ እኔ ብቻዬን እዚያችው ሐረግ ላይ ቀረሁ። መሪያቸው ሊዮ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መርፌህ ተሰነቀረ እንዴ?» ብሎ በሳቅ ሞተ። ኋላ ግን አጠገቤ ተቀምጦ የዜማውን ታሪክ ነገረኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለዳንስ የተሠራ ነው፤ ጥሩምባዎቹን ዝም አሰኝቶ አራቱ ሳክስፎኖች እንደ አንድ ሰው እንዲያወሩ ያደርጋል፤ እነሱ አገር የደረሰው በመርከበኞች እጅ ነው አለኝ። የራሱን ንጹህ ሸክላም አሰማኝ። ሐረጓ አንድ ጊዜ ብቻ አለፈች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ዘርይሁን!

«እንዲህ አድርጎ ማን አስተማረህ?» ሲለኝ፣ አስተማሪ ነበረኝ ልል ቃጣኝ። አፌ እንቢ አለኝ። «እኔው ራሴ ነኝ። ወንድሜ ነግሮኝ ነበር» አልኩ። ግን እዚያ አንተን የሚያውቅ የለምና ይህ አይበቃም።

ያዋረድኩህ በሰው ፊት ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ለብቻህ አታንብበው። ጥሩምባ ነፊውን ክፍሌን ጥራው፤ ያን ቀን ከሁሉ በላይ የሳቀው እሱ ነበር። ጮክ ብለህ አንብብለት። ከዚያ ሊዮ ከንጹሁ ሸክላ የቀዳልኝን፣ ከደብዳቤው ጋር የላክሁትን ካሴት ክፈቱት። ይቅር በለኝ።

ለወይዘሮ ጠጂቱ አክብሮቴን አድርስልኝ። ለእህታችን ለቆንጂት ብርዱን እንደቻልኩት ንገራት። ሰሎሜን ሳምልኝ። ልጅ ሳለች አባቷ ሳክስፎን ለምን እንደተወ ጠይቃኝ፣ «ጆሮ አልነበረውም» ብያት ነበር። ይህችን መስመር ራሷ ታንብባት።

ወንድምህ ባልቻ
ቶሮንቶ፣ ኅዳር 15 ቀን 1987 ዓ.ም.