በቁምሽ የተቀመጥሁት ለቅሶ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም። ከጧት ጀምሮ ዝናብ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ጎረቤታችን እማማ እማዋይሽ ብቻ ነን። እሳቸው ለነገ ስንዴ ይለቅማሉ። ለማን ነው የምትጽፊው ሲሉኝ ለሚረዳኝ ማኅበር ምስጋና ነው አልኋቸው።

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ? የምትሠሪላቸው ሰዎች ደግ ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። የሆዴ ሕመም አልተወኝም፤ ጤና ጣቢያ ባሕር ዳር ሂጂ ብለው ወረቀት ጽፈውልኛል። ለዚህ አታስቢ።

ካርቱም ጦርነት ከገባ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ስልክሽ አይሠራም ይለኛል፤ አሁንም እደውላለሁ። ይህን ደብዳቤ የበርበሬ ነጋዴዋ የኡምሀኒ ልጅ ሙዓዝ በጭነት መኪናው መተማ ድረስ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲያ ለማን እንደሚሰጠው እሱም አያውቅ፣ እኔም አልጠየቅሁት።

ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው የምነግርሽ ነገር አለ።

ሰኔ ሲገባ የችግረኞች መርጃ ማኅበሩ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መዘገቡ። እህልና መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ከቀበሌ ቤት ውጣ የተባለ ሰው ሲኖርም ቢሮ ገብተው ይሟገቱለታል። እኔም ልቀቂ ተብዬ ነበር። ወደኔ የመጣችው አይናለም የምትባል የቡሬ ልጅ ናት። ቅጹን ልሙላልዎት ስትለኝ ራሴ እሞላዋለሁ አልኋት። ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት መሆኑን ስነግራት ሳቀችና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ምነው ባላነበብሁት። «ጧሪ ልጅ» ይላል፤ አለ ወይም የለም። የለም የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እሷም አይታ፣ «እትዬ፣ ጎረቤቶችዎ ሱዳን ልጅ አለቻቸው ብለውኛል እኮ» አለችኝ። ልጅ ያለው ሰው እንደማይመዘገብ ሰምቻለሁ። ሞታለች አልኋት።

ቃሉ እዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር። አይናለም ግን አለቀሰች፤ እንባዋን ሳትጠርግ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄደች። በማግስቱ በራችን ላይ ድንኳን ተተከለ። እውነቱን ልናገር ስወጣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። እማማ እማዋይሽ እያለቀሱ፣ «ያች እኮ ለመልአከ ሞትም መልስ ሳትሰጥ አትሄድም» ሲሉ ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ኡምሀኒ ብቻ ጠጋ ብላ፣ «ማን ነገረሽ? መተማ የሚመላለሰው የኔው ልጅ ነው፤ ምንም አልሰማም» አለችኝ። ፊቴን አየችና፣ «በይ አልቅሺ፣ ሰው እያየሽ ነው» አለችኝ። አለቀስሁ። ልጄ፣ ልቅሶው የውሸት አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ ነው የወረደው። ከመዋሸቴ ይልቅ ይህ ይብስብኛል፤ ይቅር በይኝ።

ቤቱን አልተነጠቅሁም። ማኅበሩ ቢሮ ገብቶ፣ ያለ ልጅ የቀረች በሽተኛ ናት ብሎ አስቀረልኝ። አሁን ዝናቡን የሚከልለኝ ጣራ በዚያ ቃል የተገኘ ነው።

ነገ አርባሽ ነው። ስንዴውን ያመጣው ማኅበሩ ነው። ብትመጪ ከመዝገቡ ይሰርዙኛል፣ ቤቱንም ይወስዱታል፣ በሰው ፊት መቆሚያም የለኝ። ቢሆንም ነይ።

ከጥይት፣ ከበረሃ ጥም፣ ከክፉ ሰው እጅ ይሰውርሽ። በሄድሽበት ሁሉ ልጄ የሚልሽ ሰው አያሳጣሽ።

እሑድ፣ ሐምሌ 20። ዝናቡ አባርቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ከእማማ እማዋይሽና ከአይናለም ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቄሱ ለፍትሐቱ የሟችን ክርስትና ስም ጠየቁኝ። አይናለም ልትጽፍላቸው እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቃለች። ያንቺን ከኔ በቀር እዚህ የሚያውቅ የለም። የራሴን ነገርኋቸው። በስሜ ሲጸለይ ከሰዉ መካከል ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ንፍሮውን አቀረብሁ፣ ሰው ሲበተን ሳህኖቹን አጠብሁ፣ ይህን ወረቀት ለሙዓዝ አጠፍሁት።

እናትሽ